ሳይቃጠል በቅጠል፣ ከተቃጠለ ግን በውሃ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ከመካከላችን የማያውቅ የለም። አባቶቻችን ይህን ያሉት ቀድሞ ስለ መጠንቀቅ ነው፤ ደግ ብለዋል። ታዲያ ከተቃጠለስ? ለዚህ ተረቱ መልስ የለውም። በየቤቱ የሚሰጠው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። አንዱ የጥርስ ሳሙና ይዞ ይሮጣል፣ አንዷ ቅቤ ታመጣለች፣ ሌላዋ ሊጥ ትለጥፋለች፣ እንቁላል የሚሰብርም አለ። ሁሉም የሚሯሯጠው ከደግነት የተነሣ ነው። በዚህ ግርግር መሐል የሚረሳው እዚያው ባልዲ ውስጥ የተቀመጠው ውሃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እሳት፣ የፈላ ነገርና ኬሚካል በሰው ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠሩ በቀላሉ ማስረዳት፣ ቀጥሎም አደጋው በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን መደረግ እንዳለበት ማመልከት ነው። ለእኛ ለዕጩ መምህራን ይህ የትርፍ ጊዜ ዕውቀት አይደለም። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ከጤና ጣቢያ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ሊርቅ ይችላል። እዚያ ልጅ ሲቃጠል ሰው ሮጦ የሚጠራው ሐኪም ሳይሆን «ቲቸርን» ነው።

አራዳን እንደ ምሳሌ

ሩቅ ሳንሄድ አራዳን እንውሰድ። ፒያሳና አካባቢዋ የአዲስ አበባ የድሮ እምብርት እንደ መሆኗ መጠን ቤት ከቤት ተጣብቆ የኖረባት ሠፈር ናት። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ፣ በአንድ ወጥ ቤት ብዙ ምድጃ ነበር። እናት ወጥ ስታማስል ሕፃኑ በእግሯ ሥር ይድሃል፤ ቡና ሲፈላም ጀበናውና ከሰል ምድጃው ያሉት መሬት ላይ፣ ማለትም በሕፃን ቁመት ልክ ነው። በ2016 ዓ.ም ብዙው የፒያሳ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ሌሎች ሠፈሮች ሄዷል። ጀበናውና ከሰል ምድጃው ግን አብረውት ሄደዋል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሠፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለ እሳት ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን የሕንፃ ቃጠሎ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም ታሪካዊው የፒያሳ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ብዙ ሰው አዘነ፤ ማዘኑም ተገቢ ነበር። አንድ ሕፃን ላይ የፈላ ሻይ ሲደፋ ግን የትኛውም ጋዜጣ አይጽፈውም፤ ከግቢው በር አልፎም አይሰማም። «የሰው ቁስል በእንጨት ስደድ» ይባል የለ! ልጁ ግን ያንን ጠባሳ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የጠባሳው መጠን የሚወሰነውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በተደረገው ነገር ነው።

ቃጠሎው የሚያበቃው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን እሳቱ ሲጠፋ ወይም የፈላው ውሃ ሲፈስ አደጋው ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። በሸክላ ድስት የተሠራ ሹሮ ከምድጃ ወርዶ ገበታ ላይ ከቀረበ በኋላ እንኳ ሲንተከተክ አይታችኋል አይደል? ድስቱ በውስጡ ያመቀውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። የሰው ቆዳም እንዲሁ ነው። ላዩ ከእሳት ቢርቅም ውስጥ የገባው ሙቀት ወደ ጥልቁ እየወረደ ሕዋሶችን መግደሉን ይቀጥላል። ውሃ የሚያስፈልገው ይህን ሙቀት ለመቅዳት ነው።

የሙቀቱንም መጠን እንመልከት። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «እንግዲያው የኛ ውሃ ቀዝቀዝ ይላል» ብሎ የሚጽናና ካለ ይታረም። የአዋቂ ሰው ቆዳ በጥልቀት እንዲቃጠል 70 ዲግሪ የሆነ ውሃ ለአንድ ሰኮንድ ያህል ቢነካው ይበቃል። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ በመሆኑ ከዚህም ባነሰ ይጎዳል። ገንፎና ሹሮ ከውሃ የባሱበትም ምክንያት አለ፤ ውሃ ይፈሳል፣ እነሱ ግን ቆዳው ላይ ተጣብቀው ሙቀታቸውን ይዘው ይቆያሉ። የጋለ ዘይት ደግሞ ከፈላ ውሃ እጥፍ ያህል ሊግል ይችላል።

ጥልቀቱና ስፋቱ

ሐኪሞች ቃጠሎን የሚለኩት በሁለት ነገር ነው፤ በጥልቀቱና በስፋቱ።

በጥልቀት ረገድ ሦስት ደረጃ ይጠቀሳል። አንደኛ ደረጃ ቃጠሎ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ብቻ የነካ ሲሆን፣ ያማል እንጂ ውሃ አይቋጥርም፤ በጥቂት ቀናትም ይድናል። ሁለተኛ ደረጃ ወደ ታችኛው የቆዳ ክፍል የገባ ነው፤ ውሃ ይቋጥራል፣ ያዥና ርጥብ ይሆናል፣ ሕመሙም ጽኑ ነው። ሦስተኛ ደረጃ ቆዳውን ከላይ እስከ ታች ያወደመ ነው፤ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ እንደ ቁርበት ይደርቃል።

እዚህ ላይ ሁለት የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሕመሙ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ የሕመም ስሜት የሚያስተላልፉት ነርቮች ራሳቸው ስለሚቃጠሉ ቦታው ላያም ይችላል። «አላመመውም፣ እንግዲህ ቀላል ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ የከፋው ቃጠሎ ላይ ነው። ሁለተኛው ቀለሙ ነው። መጻሕፍቱ «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ በደንብ አይታይም። ስለዚህ እብጠቱን፣ ሙቀቱን፣ ውሃ መቋጠሩንና የቆዳውን መድረቅ ማየት ይሻላል።

ስፋቱን ለመገመት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። የአዋቂ ሰው ሰውነት በዘጠኝ በዘጠኝ ይከፈላል። ራስ 9 ከመቶ፣ እያንዳንዱ ክንድ 9 ከመቶ፣ ደረትና ሆድ 18 ከመቶ፣ ጀርባ 18 ከመቶ፣ እያንዳንዱ እግር 18 ከመቶ፣ ብልት 1 ከመቶ፤ ድምሩ 100 ይመጣል። ሕፃን ግን የአዋቂ ቅናሽ አይደለም። ራሱ ትልቅ በመሆኑ 18 ከመቶ ሲይዝ እያንዳንዱ እግሩ 14 ከመቶ ገደማ ነው። ለትንንሽ ቃጠሎ ደግሞ የተጎጂው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ 1 ከመቶ ተብሎ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? ቆዳ ውሃችንን ይዞ የሚያቆይ አቁማዳ ነው። አቁማዳው ሲቀደድ ፈሳሽ ከሰውነት ይወጣል፤ ሰፊ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው በመጀመሪያው ቀን ለሞት የሚያሰጋውም በዋናነት ይኸው ነው። ለምሳሌ ያህል ሐኪሞች ሲጠቀሙበት የኖሩት አንድ ስሌት እንዲህ ይላል፤ 4 ሚሊ ሊትር በተጎጂው ኪሎ ሲባዛ፣ ያም በተቃጠለው መቶኛ ሲባዛ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ከመቶ ቢቃጠል 4 × 60 × 20 = 4,800 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት በደም ሥር ይሰጣል። 8 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሆስፒታል ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እንግዲህ የኛ ድርሻ ምንድን ነው? ሰዓቱን መዝግቦ መላክ።

ኬሚካል ሲያቃጥል

ፒያሳ ለብዙ ዘመን በወርቅ ሠሪዎቿ ትታወቃለች። ወርቅ ሠሪው ወርቁን ለመፈተን ሲፈልግ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሸውና ናይትሪክ አሲድ ጠብ ያደርግበታል፤ መዳቡና ብሩ በአሲዱ ሲሟሙ ወርቁ ይቀራል። ያው አሲድ ጣት ላይ ቢያርፍ ቆዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ይኸውም ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ስለሚዋሐድ ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ነው።

አሲድ ሲባል ሁሉም ይፈራል። ከአሲድ በተቃራኒ ያሉት ቤዞች፣ ማለትም ኮስቲክ ሶዳ፣ ኖራ፣ ርጥብ ሲሚንቶ፣ ግን ብዙም አይፈሩም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። አሲድ ብዙውን ጊዜ የቆዳውን ፕሮቲን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ያረጋዋል፤ የረጋውም ቅርፊት ሆኖ አሲዱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በመጠኑ ያግደዋል። ቤዝ ግን ያሟሟል። ሳሙና የሚሠራው ስብና ኮስቲክ ሶዳ ተዋሕደው አይደል? ያው ሥራ በሰው ሰውነት ስብ ላይ ይካሄዳል። ቅርፊት ስለማይፈጠር ኬሚካሉ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው መሙለጭለጭ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ይዘገያል። ጫማው ውስጥ ርጥብ ሲሚንቶ የገባበት የግንባታ ሠራተኛ ሲሠራ ውሎ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው ጉዳቱን የሚያየው።

አገራችን «ስላላመመ አልጎዳም» የማይባል መሆኑን በመራራ ታሪክ ተምራለች። በ1928 ዓ.ም ፋሺስት ኢጣልያ በ1917ቱ የጄኔቭ ስምምነት የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ኢትዮጵያውያን ላይ አዘነበች። በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ የራስ እምሩ ጦር ከተመቱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ይፕሪት የሚባለው ይህ መርዝ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው ውሃ የሚቋጥረውና ዐይን የሚታወረው። በባዶ እግሩ በተመረዘ ሣር ላይ የተራመደው፣ መርዙ የነካውን ልብስ ሳያወልቅ ያደረው ወታደርና ገበሬ ተቃጠለ። የቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊሳዊው ሐኪም ማርሴል ዢኖ በኮረም አካባቢ ተጎጂዎቹን በዐይኑ አይቶ መስክሯል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ባሰሙት ንግግር ይህንኑ ለዓለም አመልክተዋል።

ያ በክፋት የተፈጸመ ወንጀል ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ አደጋ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ኬሚካል የነካው ልብስ ይወልቅ፣ ሕመም እስኪመጣ አይጠበቅ፣ ውሃ ይፍሰስ።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ምንጩን ማራቅ። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋል። መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፤ ወይም በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሸፈን። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካት በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ።

2ኛ/ ለ20 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ። ውሃው ቀዝቃዛና የሚፈስ ይሁን፤ በረዶ ግን አይሁን፣ በረዶ ራሱ ቆዳ ይጎዳል። «ውሃ በፈረቃ ነው፣ ቧንቧው ደርቋል» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ጄሪካን አለ አይደል? ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በደቂቃ 1 ሊትር እየተቀዳ ቢፈስ ልክ 20 ደቂቃ ያደርሳል። ዘግይቶ የደረሰም ቢሆን ከተቃጠለ ሦስት ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል።

3ኛ/ ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓትና ጠባብ ልብስ እብጠት ሳይጀምር ማውለቅ። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ግን አይጎተት፤ ዙሪያው ይቀደድ።

4ኛ/ ቃጠሎውን ማቀዝቀዝ፣ ሰውዬውን ማሞቅ። በተለይ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋልና ያልተቃጠለው ሰውነቱ ጋቢ ይልበስ።

5ኛ/ በንጹሕ ነገር መሸፈን። የታጠበና የተተኮሰ ነጠላ ወይም አንሶላ ይበቃል። ጥጥ አይሁን፤ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። የቋጠረው ውሃ አይፈንዳ፤ እሱ የተፈጥሮ ፋሻ ነው።

ኬሚካል ሲሆን ጥቂት የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። ረዳቱ በመጀመሪያ እጁን በጓንት፣ ከሌለም በፌስታል ይሸፍን። እንደ ኖራና ደረቅ ሲሚንቶ ያለ ዱቄት ከሆነ ቀድሞ ተራግፎ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠብ። የኬሚካል እጥበት 30 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳልና አንድ ጄሪካን አይበቃም፤ ጎረቤት ይጠራ። «አሲዱን በሶዳ፣ ሶዳውን በሎሚ አጠፋለሁ» የሚል የኬሚስትሪ ተማሪ ይኖራል። በሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ልክ ነው፤ በሰው ቆዳ ላይ ግን ሁለቱ ሲዋሐዱ የሚፈጠረው ሙቀት ሌላ ቃጠሎ ይጨምራል። ዐይን ውስጥ ከገባ የዐይኑ ቆብ ተከፍቶ፣ ራስ ወደ ተጎዳው ዐይን በኩል አዘንብሎ፣ ውሃው ወደ ጤነኛው ዐይን እንዳይሄድ ሆኖ ይታጠብ። ልጅ በረኪና ወይም አሲድ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አይደረግ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋልና። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዱ ማስቀመጥ የሚያመጣው መዘዝ ይኸው ነው።

ስለ ልማዶቻችን

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና ሊጥ ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ይጋርዱታል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ፍቆ ሲያወጣ የሚያመው ልጁን ነው። እናቶችን ግን አንቆጣ፤ ቅቤ የሚያመጡት ፍቅር ስላለ፣ የተሻለ ነገር የነገራቸው ስለሌለ ነው። «እማማ፣ ቅቤው ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃ እናድርግለት» ማለት ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ልማድ ግን ሌላ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ «እንዳይጋባብህ፣ አትንካው!» ተብሎ የሚተውበት ጊዜ አለ። ይህ በሽታ በመንካት አይተላለፍም፤ የአንጎል ሕመም ነው። ሰው ቆሞ እያየ ሰው መቃጠል የለበትም። ያውጡት። በክፍላችን እንዲህ ያለ ተማሪ ካለን ይህን ለተማሪዎቹ ሁሉ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

ወደ ሕክምና፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት

ከተጎጂው መዳፍ የሰፋ ቃጠሎ፣ ፊትን፣ እጅን፣ እግርን፣ መገጣጠሚያን ወይም ብልትን የነካ፣ ጥልቀት ያለው፣ የኤሌክትሪክና የኬሚካል ቃጠሎ ሁሉ፣ የሕፃንና የሽማግሌም ቃጠሎ ሐኪም ይየው። ጭስ የታፈነ፣ ድምፁ የጎረነነ ወይም አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ያለበት ሰው ቆዳው ደህና ቢመስልም መተንፈሻው እያበጠ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ይሂድ። በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ከፒያሳ በአራት ኪሎ ሽቅብ ሲወጡ ስድስት ኪሎ ላይ የሚገኘው፣ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረውና በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ሰማዕታት መታሰቢያ የተሰየመው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ በዐይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ኬሚካሉ የነበረበትን ጠርሙስ ይዞ መሄድና የቴታነስ ክትባት መጠየቅም አይረሳ።

ጥልቅ ቃጠሎ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ ይለበጣል። ሲድንም ጠባሳው እየጠበበ ይሸበሸባል፤ ክርን እንደታጠፈ፣ ጣት እንደተጨበጠ ሊቀር ይችላል። ይህን የሚከላከለው ለወራት የሚደረግ ማፍታታት ነው። ያማል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ወላጅም አንጀቱ አልችል ብሎ ይተዋል። እጁ የተቃጠለ ተማሪ ወደ ክፍል ሲመለስ «አንተ እረፍ» ማለት ደግነት ይመስላል። ደጉ ነገር ግን ጠመኔ ማስያዝ፣ ኳስ ማስወርወር፣ ጣቱን ማሠራት ነው። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ ከመምጣቷ በፊት ለጓደኞቿ ምን እንደደረሰባት በቀላል ቃል መንገርም የመምህሩ ሥራ ነው፤ እንዲህ ካልሆነ ልጅቷ ከቃጠሎው ይልቅ በቅጽል ስሙ ምክንያት ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የ20 ደቂቃውን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ እናስተምር። በየቤተ ሙከራው በር አጠገብ አንድ ሙሉ ጄሪካን ይቀመጥ። አሲድ ስናቀጥን አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አንጨምር። ወደየቤታችንም ስንሄድ ከሰል ምድጃውን ከሕፃን መዳሂያ እናርቅ። ልጆች ሰምተው ወደየቤታቸው የሚወስዱት ቃል ከመጽሐፍ ይልቅ ይርቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ከአባቶቻችን ተቀብለናል፤ «ከተቃጠለ በውሃ» የሚለውን ደግሞ እኛ እንጨምርበት።

ከተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል፣ አንድ ዕጩ መምህር